የሚያውቀው የለም

ፋይሎቼ በሙሉ ያለ ስህተት አለፉ፣
አንድ በአንድ ተጠርተው በተርታ ተሰለፉ፤
አለቀልኝ ብዬ፣ ሰባ ደረጃ ሥር ባለችው ክፍሌ፣
ተነሣሁ ከወንበር፣ ሻይ ልጥድ እንዳመሌ።

ሊንከሩ ግን መጣ።
እንደ ቀበሌ ጸሐፊ መዝገቡን ዘርግቶ፣
መነጽሩን ዝቅ አድርጎ፣ ጣቱን በምራቅ ነክቶ፣
«ይኼን ስም ጠርተሃል። ቤቱስ የት ነው?» ብሎ ጠየቀ፤
አቤት ባይ ቢያጣ፣ መስኮቱን ዘጋና ወደ ውስጥ ዘለቀ።

አንድ መቶ አሥራ ሰባት ቀይ መስመር ቆጠርኩኝ፤
ከላይ ነው የያዝኩት፣ ከታች አልጀመርኩኝ።
(ይኼን የማያውቅ ሰው ሌሊቱን ይከስራል፤
የፊተኛው ስህተት የኋላውን ይዘራል።)

የመጀመሪያው ስም «ሜምኮፒ» ይላል። እኔ መች ጠራሁት?
ከጻፍኩት ገጽ ሁሉ ፈለግሁት፤ አጣሁት።
ለካስ ኮምፓይለሩ፣ በደግነቴ ተማምኖ፣
ዕቃ የሚያመላልስ ወዛደር በኔ ስም ለምኖ፣
«ይመጣል» ብሎታል። ከየት ይምጣ? በዚህ ባዶ አገር
ገና መሬት የለ፣ ገና የለ መንደር፣
የሚደገፉበት ግድግዳ እንኳ የለ፤
ከርነል ማለት ይኸው፦ ማንም በሌለበት ቀድሞ የበቀለ።
ወዛደሩን ራሴ ሆንኩ። አንዲት ባይት ባንዲት ባይት
ከዚህ አንሥቶ እዚያ የሚያኖር፣ ስምንት መስመር ጻፍኩለት።

መቶ አሥራ ስድስቱ ከሰመ። አንዱ ቀረ።
በአሴምብሊ የጻፍኩት፤ ስሙን ያወጣሁለት እኔው ነኝ፣ «ቀስቅስ» ነው፤ ትናንትም እዚሁ ነበረ።
ዓይኔ እያየው፣ ከነገላው፣ ከነነፍሱ አለ፤
እኔ አለ ስል ግን፣ ሊንከሩ የለም አለ።

ፊደል ጎድሎ እንደሆን ነጥብ በነጥብ አየሁ፣
የፋይሎቹን ተራ ደጋግሜ ቀየርሁ፣
(መላሹ ከጠሪው ቀድሞ ከተሰለፈ፣
እንደ ታክሲ ሰልፍ ነው፤ ማንም ሳይፈልገው ተራው አለፈ።)
አሮጌውን አጥፍቼ ሁሉንም እንደ አዲስ ገነባሁ።
መብራት ሄደ። ባትሪው ሃያ ስድስት። መብራት መጣ።
ከራስ መኮንን ድልድይ የመጀመሪያው ሚኒባስ
«አራት ኪሎ! አራት ኪሎ!» እያለ ዳገቱን ወጣ።

በሩ ተንኳኳ። የጡረታ ቢሮ ሞተረኛ፣ ራሱ ላይ ሔልሜት፤
«ወልደ ሰንበት አርጋው የሚባል ሰው አለ እዚህ ቤት?»
«የለም» አልኩ። እርግጠኛ ነበርኩ። ስምንት ወር ኖሬያለሁ፤
የግቢውን ሰው በሙሉ በስሙ አውቃለሁ፦
ሜላት፣ አቡሽ፣ ሲስተር ብርቄ፣
ዘበኛው ሻምበል፤ (ሻምበል ወታደር ሆኖ አያውቅም፤
ማዕረጉን ማን እንደሰጠው ማንም አይጠይቅም።)

ሻምበል ግን ከጎጆው ብርድ ልብሱን ጥሎ፣
«እኔ ነኝ ልጄ፣ አምጣው» አለ ቀስ ብሎ።

እንዲፈርምበት ጠረጴዛዬን ለቀቅሁለት።
«ይኼ ሁሉ ቀይ ምንድን ነው?» አለኝ። አሳየሁት።
«አንዱን ስጠራው አይሰማም፤ ቤት ውስጥ ግን አለ» አልኩት።
«ከውስጥ ቀርቅሮ ይሆናላ» አለኝ፤ ሳቅሁበት።

ሳቄ ሳይበርድ የስሞቹን ዝርዝር አወጣሁ፤
ከቀስቅስ አጠገብ የቆመች አንዲት ትንሽ ቲ አየሁ።
ትልቋ ቲ ማለት፣ ለውጭ የታወቀ፤
ትንሿ ቲ ማለት፣ በግቢው ተጠርቶ በግቢው ያለቀ።
የረሳሁት አንዲት ቃል ነበረች፦ ግሎባል።
ባሥር ሴኮንድ ተጻፈች፤ ሌሊቱን ማን ይከፍላል?

ሊንከሩ ዝም አለ። ደስ ሲለው እንዲህ ነው፤ አያመሰግንም፤
መዝገቡን ያጥፋል እንጂ፣ ቀና ብሎ አያይም።
ከርነሉ ተነሣ። በጥቁሩ ስክሪን ላይ ነጥብ በነጥብ የሳልኳትን «ሀ» ጻፈ፤
ብልጭ አለ፣ ብልጭ፤ ከዚያ ዞረበትና ወድቆ አረፈ።

«ሞተ?» አሉ ጋሽ ወልደ ሰንበት፣ ወረቀቱን ከኮታቸው ኪስ እየከተቱ።
«ይነሣል» አልኳቸው፤ «ሌላ ነው ይኼኛው ስህተቱ።»
የሌሊቱ ውኃ ተንኖ አልቋል።
ለሁለት ሰው ሌላ ጣድኩ።